ማር ለቁስል ያድናልን?

አዲስ ቃል፦ ጀርም ማለት በዓይን የማይታይ፣ ቁስል የሚያመረቅዝ፣ ሕይወት ያለው ረቂቅ ነገር ነው።

ጎጆ ደጋ ነው። የጄልዱ ወረዳ ገበሬ ገብስና ድንች ያመርታል። ቀፎ ያለውም አለ።

አንድ ገበሬ ድንች ሲቆፍር ዶማው እግሩን ቆረጠው እንበል። «ቀላል ነው፤ ይድናል» ብሎ ተወው። በሦስተኛው ቀን እግሩ አበጠ፤ ቁስሉም መግል ቋጠረ። አንዱ ጎረቤት «ማር ቀባበት፤ አባቶቻችን የዳኑት በዚሁ ነው» አለው። ሌላው ደግሞ «ማር ለጠጅ ነው እንጂ ለቁስል ምን ይረባል?» አለ። ልክ የሆነው ማንኛው ነው?

ማር ጀርምን የሚገድለው እንዴት ነው?

አንደኛ፣ ማር ስኳሩ ብዙ፣ ውሃው ጥቂት ነው። ከመቶ እጅ ውሃው 20 ያህል ብቻ ነው። ጨው የቋንጣን ውሃ እንደሚስብ ሁሉ፣ ማርም የጀርሙን ውሃ መጦ ያደርቀዋል።

ሁለተኛ፣ ማር ኮምጣጣነት አለው። ጣፋጭነቱ ስለሚሸፍነው ምላሳችን አይለየውም። ጀርም ግን ኮምጣጣ ነገር አይስማማውም።

ሦስተኛ፣ ንብ ማር ስትሠራ ከራሷ የምትጨምረው ንጥረ ነገር አለ። ማሩ የቁስሉን እርጥበት ሲያገኝ፣ ይህ ንጥረ ነገር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የተባለውን ጀርም ገዳይ በጥቂቱ ያወጣል። ማሩ በእሳት ከፈላ ግን ይህ ኃይሉ ይጠፋል።

ነገሩ ተረት አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 የታተመ የጎንደር ጥናት የንብንና የጣዝማን ማር በጀርሞች ላይ ሞክሯል። መድኃኒት የለመዱ ጀርሞች ሳይቀሩ በማር ተገትተዋል። ይበልጥ የበረታውም የጣዝማ ማር ነው።

ታዲያ ማር ቀብተን ቤት እንቀመጥ?

የለም። ጀርምን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ መግደልና የሰውን እግር ማዳን አንድ አይደለም። ለሕክምና የሚዘጋጀው ማር ጀርሙ በጨረር የጠፋለት ነው። ከቀፎ የወጣው ማር ግን እድፍ አያጣውም፤ ተኝቶ የሚቆይ ጀርምም ሊኖርበት ይችላል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር እንዳይልስ የሚከለከለው ለዚህ ነው። የገበያውም ማር ስኳር ሊቀላቀልበት ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማር የመንጋጋ ቆልፍን በሽታ አይከላከልም። እሱን የሚከላከለው ክትባት ነው።

ስንቆስል ምን እናድርግ?

1. ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃና በሳሙና እንጠበው።
2. አፈር፣ እበት ወይም ቡና አንነስንስበት። በንጹሕ ጨርቅ እንሸፍነው።
3. ዛሬ ነገ ሳንል ጤና ጣቢያ ሄደን ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንጠይቅ።
4. ቁስሉ ካበጠ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካመጣ አንድ ቀን እንኳ አንዘግይ።
5. ማር ለማድረግ ከፈለግን መጀመሪያ የጤና ባለሙያውን እናማክር። በጥልቅ ቁስል ውስጥ ግን ማር አንጨምር።

እንግዲህ ማር ኃይል እንዳለው የመጀመሪያው ጎረቤት አልተሳሳተም። ነገር ግን ለጓደኛው «ተነሥ፣ ጤና ጣቢያ ላድርስህ» ቢለው ኖሮ የበለጠ በረዳው ነበር።

ጥያቄዎች

1. ማር ጀርምን የሚገድልባቸውን ሦስት መንገዶች ጻፉ።
2. ማር የማይከላከለው በሽታ የትኛው ነው?
3. በቁስል ላይ የማይነሰነሱት ነገሮች ምን ምን ናቸው? ለቤተሰባችሁ አንብቡላቸው።