ማሳሰቢያ፦ በመጸው ዝናብ ፈረስ ጭነው፣ ውሻ አስከትለው ቀበሮ ለማሳደድ ለሚነሱ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰዎች

መጸው ቢገባም የጉና ካፊያ ገና አላባራም። ጉሙ እስከ ረፋድ ሜዳውን ይዞ ይቆያል፤ እረኛና እረኛ በድምፅ ይፈላለጋሉ እንጂ አይተያዩም። ቀበሮ ግልገል ለመንጠቅ የሚመቸው እንዲህ ያለ ጠዋት ነው። ግልገሉ የተነጠቀበት ሰው ፈረሱን ጭኖ፣ ውሾቹን አስከትሎ፣ የሰፈሩን ጎረምሶች ጠርቶ ልነሳ ቢል ንዴቱ ይገባናል። የፋርጣ በግ ለደገኛ ቤተሰብ የልጅ ደብተር፣ የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያ፣ የበዓል መዋያ ነው። እንዲያም ሆኖ ቀበሮን በፈረስና በውሻ ማሳደድ በጉን አያድንም፤ ከበጉ የሚበልጥ ጉዳት ግን ያመጣል። ስለዚህ የሚከተለውን በጥሞና ተመልከቱልን።

ከመነሳታችሁ በፊት ያያችሁትን አውሬ እወቁ። በደጋችን ቀበሮ የሚባሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ግራጫና ቡኒ የተቀላቀለበት ተራው ቀበሮ ነው። ከቆላ እስከ ደጋ፣ ከመንደር ዳር እስከ ገደል አፋፍ ይገኛል፤ ግልገል በመንጠቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚከሰሰውም እሱ ነው። ሁለተኛው ቀይ ቀበሮ ነው። እግሩ ረጅም፣ አፈሙዙ ቀጭን፣ ጠጉሩ ቀይ፣ ጉሮሮው ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁርና ጎፈር ያለ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ለመውለድ የደረሱት በአገር ሙሉ ተቆጥረው 500 አይሞሉም። ጉና ከቀይ ቀበሮ መኖሪያዎች አንዱ ሆኖ በተመራማሪዎች መዝገብ ሰፍሯል፤ ያኔም ቢሆን ቁጥሩ እጅግ ጥቂት ነበር። በጎጃሙ ጮቄ ተራራና በሰሜን ሸዋው ጎሽ ሜዳ ጠፍቷል።

ቀይ ቀበሮ ግልገል ጨርሶ አይነካም አንልም፤ አልፎ አልፎ ይነካል። ኑሮው ግን በአይጥ ነው። በመንዝ ጓሳ ተመራማሪዎች እንደተከታተሉት፣ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ያህል ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን ከአራት አንዱ ብቻ። ጭላዳዎቹ ልጆቻቸውን አዝለው እያዩት አይሸሹም። የሚያድናት አይጥ ደግሞ ገብሳችንን የምትጨርሰው ናት። በጉም ውስጥ ሁለቱን ቀበሮዎች መለየት አስቸጋሪ ነው፤ ካልለያችሁ አትከተሉ።

ውሻ ይዛችሁ ወደ ጓሳው አትውጡ። ከዚህ ማሳሰቢያ አንዱን ብቻ መያዝ የሚችል ሰው ይህን ይያዝ። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በባሌ ተራሮች በወብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ የሚሆኑትን ፈጅቷል። በሽታውን ያመጣው የሰው ውሻ ነው። ባሌ ሰፊ ስለሆነ፣ ሌላ ሸለቆ ሌላ መንጋ ስለነበረው ተርፏል። ጉና ላይ ግን እንዲህ ያለ መጠባበቂያ የለም። ውሻ ቀበሮን ባይዘው እንኳ ምራቁን፣ ቁንጫውንና በሽታውን ጥሎ ይመለሳል። በባሌ ወንድ ውሻ ከሴት ቀይ ቀበሮ ጋር ተዳቅሎ ዲቃላ መወለዱም ተረጋግጧል፤ ይህ በትንሽ መንጋ ላይ ሲደርስ ዘሩን ያጠፋዋል።

ወቅቱ ራሱ ክፉ ነው። ቀይ ቀበሮ የሚወልደው ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። በአንድ መንጋ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ከ2 እስከ 6 ቡችላ ታገኛለች፣ የቀሩት የመንጋው አባላት ምግብ እያመጡ ያሳድጉላታል። በጥቅምት ዝናብ ያቺን ሴት ከጉድጓዷ ያባረረ ፈረሰኛ የመንጋውን የዓመት ልጅ በሙሉ ለብርድ ሰጠው ማለት ነው። ጉድጓድ ካያችሁ ራቁ። በጭስ አታጥኑት፣ በድንጋይ አትድፈኑት፣ ቡችላ አውጥታችሁ ወደ ቤት አትውሰዱ።

ውሻችሁን በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡ። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ክትባት መጣ ሲል የቤቱን ብቻ ሳይሆን በጎች የሚከተለውን የእረኛውንም ውሻ አምጡ። ጌታ የሌለው ውሻ በሰፈሩ ቢበዛ መጠየቅ ያለብን እኛ ነን፤ የሞተ ከብት ሜዳ ላይ እየጣልን ያሳደግነው እኛ ነንና። የሞተ ከብት ይቀበር።

ውሻ ወይም ቀበሮ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ይጠይቅ። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ደሙ ቆሟል ብሎ መቅረት የለም። ጠበሉን የሚከለክል የለም፤ ጠበል የሚሄድም ሰው መጀመሪያ ክትባቱን ይጀምር፣ ሳያቋርጥም ይጨርስ። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ከውሻ የተያዘ ነው፣ ብዙዎቹም ልጆች ናቸው። እረኞቻችን ልጆች መሆናቸውን አንርሳ።

ፈረሱንም እናስብለት። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ዝናብ የጠጣ የጓሳ ሜዳ ከላይ ጠንካራ መስሎ ከስር ረግረግ ነው፣ የአይጥ ጉድጓድም ሞልቶበታል። በጋልቢያ ላይ ፊተኛው እግሩ የገባበት ፈረስ ይሰበራል፤ እግሩ የተሰበረ ፈረስ ደግሞ አይድንም። መንገደኛ ሆናችሁ በካፊያ ብታልፉ በእግር እርምጃ ሂዱ፣ ቁልቁለት ላይ ወርዳችሁ ሳቡት። የረጠበ ግላስ ላይ ኮርቻ አትጫኑ፤ ጀርባው ይላጣል። ነጎድጓድ ሲጀምር ከሸንተረሩ ውረዱ። የሰው ገብስ እየረገጣችሁ አትለፉ። ከላይ ገሳ ወይም ባና የሌለው ልጅ በእንዲህ ያለ ጠዋት አይላክ።

በጉን የሚያድነው ጥበቃ ነው። ጉሙ ሳይገለጥ የወለዱ በጎችን አታሰማሩ፤ እስከ ረፋድ በጉረኖ ይቆዩ፣ ድርቆሽ ካለ ይሰጣቸው። ግልገሎች ጠንከር እስኪሉ ከቤት አቅራቢያ ይዋሉ። ጎረቤታሞች በጎቻችሁን ቀላቅላችሁ አንድ ትልቅ ሰው ከሁለት ልጆች ጋር አሰማሩ፤ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ብቻውን ሠላሳ በግ በጉም ውስጥ እንዲጠብቅ ማድረግ ለበጉም ለልጁም ግፍ ነው። የጉረኖው አጥር ከደረት በላይ ይሁን፣ እሾህ ይደፋበት። ተከትቦ በበጎቹ ዘንድ የሚውል ውሻ ጠቃሚ ነው፤ እሱም ከበጎቹ እንዳይርቅ ይልመድ።

በሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ መጣል ፈጽሞ ክልክል ይሁን። ቀበሮው ሳይበላው ጥንብ አንሳው፣ የጎረቤት ውሻው፣ አልፎም ልጁ ያገኘዋል። አስታውንና ጓሳውን አታቃጥሉ፤ ርብና ጉማራ ወደ ጣና የሚወርዱት ከዚሁ ተራራ ተነስተው ነው።

ሕጉም ግልጽ ነው። በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን በገንዘብና በእስራት ያስቀጣል። “የአባቶቻችን ጨዋታ ነው” የሚል ወጣት ቢኖር፣ በእንግሊዝ አገርም ቀበሮን በፈረስና በውሻ መንጋ ማሳደድ ለዘመናት የባላባት ጨዋታ ነበር፤ እዚያም እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ሕግ ተከለከለ፣ ከየካቲት 2005 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ፈረስ መጋለብ የሚወድ ጉግስ አለለት። ጥምቀት ሩቅ አይደለም፤ ፈረሱን ለዚያ ያዘጋጅ።

ቀይ ቀበሮ ያየ ሰው ቦታውን፣ ቀኑንና ስንት እንደነበሩ ለቀበሌው ወይም ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ይንገር፤ በላይ ጋይንት ነፋስ መውጫ፣ በስማዳ ወገዳ፣ በእስቴ መካነ ኢየሱስ ድረስ መሄድ ካልተቻለ በስልክ ይበቃል። ሰው የማይፈራ፣ የሚንገዳገድ ወይም አፉ የሚያዝረበርብ ቀበሮ ወይም ውሻ ካያችሁ ልጆችንና ከብቶችን አርቁ፣ በዱላ ልግደለው ብላችሁ አትጠጉት። ሞቶ ካገኛችሁት በባዶ እጅ አትንኩት፣ አትግፈፉት። ውሾች እንዳይደርሱበት ድንጋይ ከልላችሁ ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ወዲያው አሳውቁ፤ በሽታው የሚረጋገጠው ከአንጎል በሚወሰድ ናሙና ስለሆነ ባለሙያው እስኪደርስ አትቅበሩት።