ስለ ሆቴል መኝታ ክፍል

ባለፈው ክረምት እናቴ አልጋ አንጣፊ ሆና ከምትሠራበት ከአንድ የቦሌ ሆቴል በአለቃዋ ፈቃድ ገብቼ ያየሁትን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

በቦሌ ሆቴል የበዛው በአውሮፕላን ማረፊያው ምክንያት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ስካይላይት ሆቴልን በጥር 2011 ዓ.ም. በ373 ክፍሎች ከፈተ፤ ኋላም ሌላ ሕንፃ ጨምሮ ክፍሎቹን ከ1,000 በላይ አደረሳቸው። አውሮፕላን ለመለወጥ አንድ ሌሊት ብቻ የሚያድር መንገደኛ ብዙ ነውና።

የክፍሉ በር የሚከፈተው በካርድ ነው። ካርዱ ከበሩ አጠገብ ባለው ማስገቢያ ሲሰካ መብራት ይበራል፤ እንግዳው ነቅሎት ሲወጣ ይጠፋል፤ ስለዚህ መብራት በከንቱ አይባክንም። መስኮቱ ድርብ መስተዋት ሲሆን፣ በመካከሉ የተዘጋው አየር የአውሮፕላኑን ጩኸት ያደክመዋል።

ጨርቅ ነጋዴ ዛሬ ያልሸጠውን ነገ ይሸጣል፤ ዛሬ ባዶውን ያደረ ክፍል ግን የዛሬው ገንዘብ ቀረበት ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ እንግዳ ሲወጣ ሌላው ሳይገባ እናቴ አንሶላ ትለውጣለች፣ መታጠቢያ ቤቱን ታጥባለች፣ ፎጣ ታጥፋለች። እኔ ማየቱ ብቻ ደክሞኝ ከአልጋው ጠርዝ ብቀመጥ፣

«ተነሥ እንጂ ልጄ! እኔ እንኳ ይኸን ሁሉ ዘመን አልተቀመጥሁበትም» አለችኝና የተጨማደደውን እንደገና አነጠፈችው።