ከባክአፕ ፋይል ማውጣት፦ የ«ኤክስ» እና የ«ሲ» ነገር

የሰፈራችንን እድር መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። ላፕቶፔ ሊኑክስ ነው። በየወሩ መጨረሻ «ሒሳብ» የሚለውን ፎልደር ታር በሚባለው ትእዛዝ አንድ ፋይል (አርካይቭ) አድርጌ ጠቅልዬ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ላይ አኖራለሁ። አንድ ማታ የመዋጮው ፋይል በእጄ ስሕተት ተሰረዘ። ባክአፕ አለኝና ብዙም አልደነገጥኩም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግን ባክአፑም አልነበረም። በአንዲት ፊደል ያጠፋሁት እኔው ነኝ።

ፊደሎቹን እንደ ስልክ ንግግር በስማቸው እየጠራሁ ልንገራችሁ፤ እኔም መጨረሻ ላይ የገባኝ አንድ ወዳጄ በስልክ እንደዚያ ሲያስረዳኝ ነው።

ከሁሉ በፊት አርካይቩን ወደ ላፕቶፑ ኮፒ አድርጉና ሀርድ ዲስኩን ንቀሉት። እኔ ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ካልከተትኩት ተርሚናል አልከፍትም። ሌላ ብዙ የጥንቃቄ ዘዴ አለ፤ የተነቀለ ዲስክን የሚያህል ግን አላገኘሁም።

ቀጥሎ ውስጡ ያለውን እዩ፦ ታር፣ ስፔስ፣ ሰረዝና «ቲኤፍ» ተያይዘው፣ ስፔስ፣ የአርካይቩ ስም። «ቲ» ዘርዝር ማለት ነው፤ ምንም አይነካም።

አሁን ወደ ወደቅኩበት ቦታ መጣን። ከሰረዙ በኋላ ያሉት ፊደሎች አንድ ቃል ይመስላሉ እንጂ እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚሠሩ ትእዛዞች ናቸው። «ኤክስ» ከአርካይቩ አውጣ ይላል። «ሲ» አዲስ አርካይቭ ፍጠር ይላል። ሁለቱ በኪቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ የጻፍኩት በ«ሲ» ስለነበረ፣ ያን ማታ ጣቴ የለመደውን ጻፈ፦ ታር፣ ሰረዝ «ሲኤፍ»፣ የባክአፑ ስም፣ ከዚያ የጠፋው ፋይል ስም። ኢንተር።

ታር «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» አለኝ። ትክክል ነው፤ ፋይሉ ከላፕቶፔ ላይ ተሰርዟል። እኔ ግን መልእክቱን «አልሠራም፣ ስለዚህም ምንም አልነካሁም» ብዬ ተረጎምኩት። በዚህ ቦታ ነው ሰው የሚታለለው። ታር «ሲ» ሲባል የተባለውን አርካይቭ ባዶ አድርጎ ይከፍታል፤ የሚያስገባው ፋይል አለመኖሩን የሚነግራችሁ ከዚያ በኋላ ነው። «ኤልኤስ፣ ሰረዝ ኤል» ብዬ መጠኑን ሳይ 300 ሜጋ የነበረው ባክአፕ 10,240 ባይት ሆኖ ቁጭ ብሏል። ያ ቁጥር የአጋጣሚ አይደለም። ታር የሚጽፈው በ512 ባይት ብሎክ ሲሆን፣ ሃያ ሃያውን ብሎክ በአንድ ላይ ያስራል። ባዶ አርካይቭ እንኳ አንድ እስር ያህላል። ታር ከቴፕ ዘመን የመጣ ነው፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ከሰባተኛው የዩኒክስ ዕትም ጋር ሲወጣ ባክአፕ የሚቀዳው እንደ ካሴት ባለ ማግኔታዊ ክር ላይ ነበር። ትልቅ የነበረ ባክአፕ 10,240 ባይት ሆኖ ካያችሁት ውስጡን ለማየት አትድከሙ።

የፋይሉን ስም ሳትጽፉ «ሲኤፍ» ብትሉ ኖሮስ? የሊኑክሱ ታር ባዶ አርካይቭ አልፈጥርም ብሎ እምቢ ይላል፤ በመልእክቱ ራሱን ፈሪ ብሎ ይሰድባል። እኔ ስሙን ስለጨመርኩበት ያ ፍርሃቱ አላዳነኝም። የሁለት ወር መዋጮ ከደረሰኝ ጉርድ ላይ አንድ በአንድ ለቀምኩ፤ ባለቤቴ እያነበበች፣ እኔ እየጻፍኩ።

ስለዚህ ኢንተር ከመጫናችሁ በፊት እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሡና ትእዛዙን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፦ «ኤክስ፣ አውጣ፤ ኤፍ፣ ከዚህ ፋይል»። «ኤፍ» ስሙን ከኋላው አስከትሎ ስለሚሄድ በሁለቱ መካከል ሌላ ፊደል አታስገቡ። የተጨመቀ አርካይቭ ነው ብላችሁ «ኤክስኤፍዜድ» ብትጽፉ ታር «ዜድ» የሚባል ፋይል ፍለጋ ይሄዳል። ደግሞም የዛሬው ታር ሲያወጣ መጨመቁን ራሱ ስለሚያውቅ «ዜድ»ን ተዉት።

አንድ «ሲ» ገና አለ። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለ ዓይናችን ይዘለዋል፤ ለታር ግን ትንሿ «ሲ» ያቺው አጥፊዋ ስትሆን፣ ትልቁ «ሲ» «ወደዚህ ፎልደር ግባና እዚያ አውጣው» የሚል ነው። ይሄኛው ወዳጅ ነው፣ ተጠቀሙበት። ታር ሲያወጣ ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ካገኘ ሳይጠይቅ ይተካዋል፤ የዛሬው ሥራችሁ ባለፈው ወር ቅጂ ይበላል። «የወጣ» የሚባል ባዶ ፎልደር ፍጠሩና እንዲህ በሉ፦ ታር፣ ሰረዝ «ኤክስኤፍ»፣ የአርካይቩ ስም፣ ሰረዝ ትልቁ «ሲ»፣ «የወጣ»፣ ከዚያ የምትፈልጉት ፋይል ስም።

ስሙ ደግሞ በዝርዝሩ ላይ እንደታየው መሆን አለበት። እኔ ሌላ ጊዜ «ሂሳብ» ብዬ ጻፍኩ፤ አርካይቩ ውስጥ ያለው «ሒሳብ» ነው። ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ለታር ግን የማይተዋወቁ ሁለት ስሞች ናቸው፤ «አርካይቩ ውስጥ የለም» ብሎ መለሰልኝ። ሠርግና ሰርግ፣ ፀሐይና ጸሀይም እንደዚሁ ናቸው። አትጻፉት፤ ከዝርዝሩ ላይ በማውዝ መርጣችሁ ኮፒ አድርጉ። ተርሚናል ውስጥ ኮንትሮልና ሲ ብቻ ሥራውን ያቋርጣል፣ ሺፍት ጨምሩበት። ስፔስ ያለበትን ስም በትእምርተ ጥቅስ እሰሩት።

ዝርዝሩ ላይ በአማርኛው ፈንታ በ341 የሚጀምር የቁጥር መዓት ከመጣባችሁ ፋይሉ አልተበላሸም። የሲስተሙ የቋንቋ ምርጫ ፊደላችንን ስለማያውቅ ታር እያንዳንዱን ፊደል በሦስት ቁጥር እየጻፈው ነው፣ የመጀመሪያውም ሁልጊዜ 341 ነው። ዝርዝሩን ስትጠይቁ ሁለት ሰረዝ፣ ከዚያ «ኮቲንግ ሰረዝ ስታይል እኩል ይሆናል ሊተራል» ብላችሁ ጨምሩ፤ ፊደሉ ይመለሳል።

ፋይሉ «የወጣ» ውስጥ ከገባ በኋላ ከፍታችሁ የመጨረሻውን ረድፍ እዩ፣ ቀኑን አረጋግጡ፣ ከዚያ «ኤምቪ፣ ሰረዝ አይ» ብላችሁ ወደ ቦታው መልሱት። «አይ» ከመተካቱ በፊት ይጠይቃችኋል። ሀርድ ዲስኩን ከመሳቢያው የምታወጡት ያኔ ነው።