ዓመታዊ ፕሬዚዳንትና ቋሚ ዋና ጸሐፊ፦ የትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች ብሔራዊ ማኅበራት የውስጥ አስተዳደር በንጽጽር

መግቢያ

አንድ የሙያ ማኅበር ሲመሠረት በቅድሚያ የሚረቀቀው ሰነድ መተዳደሪያ ደንብ ነው። ደንቡ የጠቅላላ ጉባዔውን ሥልጣን፣ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴውን አመራረጥ፣ የአባልነት መዋጮውን መጠንና የምልዓተ ጉባዔውን ቁጥር ይወስናል። ይሁን እንጂ በደንቡ ላይ የሰፈረው ሥልጣንና በዕለት ተዕለት ሥራ የሚታየው ሥልጣን ሁልጊዜ በአንድ እጅ አይገኙም። በዕድር ውስጥ የቆየ ሰው ይህን በቀላሉ ይገነዘባል። ሰብሳቢው በየጊዜው ቢለዋወጥም፣ መዝገቡን ለዓመታት የያዘው ጸሐፊ የትኛው ውሳኔ መቼና ለምን እንደተላለፈ ስለሚያውቅ ቃሉ ከሌሎቹ ይልቅ ይደመጣል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ጉዳይ በትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች ብሔራዊ ማኅበራት ውስጥ ምን መልክ እንደያዘ መመርመር ነው። ለንጽጽር የተመረጡት የአሜሪካ የትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች ማኅበርና በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ የሚንቀሳቀሰው የርእሰ መምህራን ብሔራዊ ማኅበር ናቸው። ሁለቱም ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው፤ የሁለቱም አባላት በአብዛኛው የሙሉ ጊዜ ሥራ ያለባቸው አስተዳዳሪዎች ናቸው፤ ሁለቱም ፕሬዚዳንታቸውን በየዓመቱ ይለውጣሉ። የሚለያዩት ቋሚው ዋና ኃላፊ ተጠሪነቱ ለማን ይሁን ለሚለው ጥያቄ በሰጡት መልስ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው መከራከሪያ የማኅበሩ የውስጥ ዴሞክራሲ ከፕሬዚዳንቱ አመራረጥ ይልቅ በዚህ መልስ፣ በዕጩዎች አቀራረብና በአባላት ተሳትፎ ላይ የሚመሠረት መሆኑ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የውጭ አገር ክንውኖች ዘመን የተሰጠው እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው።

የንድፈ ሐሳብ መነሻ

ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ምሁር ሮቤርት ሚሼልስ በ1911 ባሳተመው ጥናት የአውሮፓን የሶሻሊስት ፓርቲዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ውስጣዊ አሠራር መርምሯል። የደረሰበት መደምደሚያ ለእኩልነት የቆሙ ድርጅቶች ሳይቀሩ ውሎ አድሮ በጥቂቶች እጅ ይወድቃሉ የሚል ነው። ምክንያቱ የመሪዎቹ ክፋት አይደለም። ድርጅት ሲሰፋ ቋሚ ሠራተኛ ያስፈልገዋል፤ ቋሚው ሠራተኛ መረጃውን፣ የመገናኛ መንገዱንና ልምዱን ይይዛል፤ ተራው አባል ደግሞ በራሱ ኑሮና ሥራ ተጠምዶ ጉዳዩን ለሚያውቀው ይተወዋል።

ይህን መደምደሚያ በከፊል የሞገቱት ሲይሞር ማርቲን ሊፕሴት፣ ማርቲን ትሮውና ጄምስ ኮልማን ናቸው። በ1956 በወጣው መጽሐፋቸው በሰሜን አሜሪካ የሚገኝ የፊደል ለቃሚዎች የሠራተኛ ማኅበርን አጥንተው፣ በማኅበሩ ውስጥ ሁለት የታወቁ ቡድኖች በየምርጫው በመፎካከራቸው ሥልጣን በሰላም ይለዋወጥ እንደነበር አሳይተዋል። በእነርሱ አመለካከት የጥቂቶችን አገዛዝ የሚገታው የተደራጀ ውድድር መኖሩ ነው። እነዚህ ሁለት ሐሳቦች ቀጥሎ ለሚቀርበው ንጽጽር መለኪያ ሆነው ያገለግላሉ።

አስተዳዳሪና መምህር በአንድ ጣሪያ ሥር

የአሜሪካው ማኅበር በ1865 በፔንሲልቬንያ ግዛት በሃሪስበርግ ከተማ ተመሠረተ። መሥራቾቹ ሱፐርኢንቴንደንት በሚል መጠሪያ የሚታወቁ ኃላፊዎች ነበሩ። ሱፐርኢንቴንደንት በአንድ የትምህርት ወረዳ ያሉትን ትምህርት ቤቶች በበላይነት የሚመራ ኃላፊ ሲሆን፣ ዛሬ በአብዛኛው የሚቀጠረው ሕዝብ በመረጠው የወረዳው የትምህርት ቦርድ ነው። ማኅበሩ በማግስቱ ዓመት በዋሽንግተን ባደረገው ስብሰባ ብሔራዊ የትምህርት ቢሮ እንዲቋቋም ሐሳብ ቀረበለት፤ ጥያቄውም ለኮንግረስ ቀርቦ በ1867 የፌዴራል የትምህርት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ።

በ1870 ማኅበሩ ከመምህራኑ ድርጅት ጋር ተዋሕዶ የብሔራዊ የትምህርት ማኅበር አንድ ክፍል ሆነ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል መምህሩና አለቃው በአንድ ድርጅት ውስጥ ኖሩ። በዚህ ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ድምፃቸው ጎልቶ ይሰማ የነበረው የአስተዳዳሪዎቹ ነው። ይህ የበላይነት የተፈተነበት አንዱ ዐቢይ አጋጣሚ በ1910 በቦስተን የተካሄደው ጉባዔ ነው። አስመራጭ ኮሚቴው ለፕሬዚዳንትነት ሌላ ዕጩ ቢያቀርብም፣ ጉባዔተኛው የቺካጎ ትምህርት ቤቶች ሱፐርኢንቴንደንት የነበሩትን ኤላ ፍላግ ያንግን መረጠ። እርሳቸውም የድርጅቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ይህ ሊሆን የቻለው ደንቡ ከአስመራጭ ኮሚቴው ውጭ ዕጩ ከጉባዔው መካከል እንዲጠቆም በር ክፍት ስለተወ ነው።

ያ አሠራር ግን የራሱ ችግር ነበረው። በስብሰባው የተገኘ አባል ሁሉ ድምፅ ይሰጥ ስለነበር፣ ጉባዔው የሚካሄድበት ከተማ መምህራን በብዛት ከገቡ ውጤቱን ሊወስኑ ይችሉ ነበር። በ1920 በሶልት ሌክ ሲቲ በተካሄደው ጉባዔ ይህ ቀርቶ ሥልጣኑ ከየአካባቢው ለሚመጡ ተወካዮች ጉባዔ ተሰጠ። ለውጡ የርቀቱን አባል ድምፅ አስከበረ፤ በአንጻሩ ተራው አባል በአካል ተገኝቶ መሪውን የሚጥልበትንና የሚያነሣበትን ዕድል አጠበበ።

የአስተዳዳሪዎቹ ክፍል በ1937 የአሜሪካ የትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች ማኅበር የሚለውን ስም ያዘ። በ1960ዎቹ የመምህራኑ ድርጅት ወደ ኅብረት ድርድርና ወደ ሥራ ማቆም አድማ ሲያመራ፣ መምህሩና ሱፐርኢንቴንደንቱ በድርድር ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀመጡ። በአንድ ማኅበር መቀጠሉ አስቸጋሪ ሆነና በ1970ዎቹ መጀመሪያ አስተዳዳሪዎቹ ተለይተው ራሳቸውን ቻሉ።

በተመራጮች የሚቀጠር ዋና ኃላፊ

ራሱን የቻለው ማኅበር ሦስት የአመራር እርከኖች አሉት። ከየግዛቱ የተወከሉ አባላት ያሉበት የአስተዳደር ቦርድ ሰፊውን የአባላት ድምፅ ይወክላል። በየቀጣናው ከተመረጡ አባላት የተውጣጣ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ጉዳዮችን በቅርበት ይከታተላል። አባላት የሚመርጡት ተመራጭ ፕሬዚዳንት ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት በዝግጅት፣ ሁለተኛውን በፕሬዚዳንትነት፣ ሦስተኛውን በቀድሞ ፕሬዚዳንትነት ያገለግላል። ይህ ሰንሰለት የተሰናባቹን ልምድ ለተተኪው ለማስተላለፍ የታሰበ ነው።

ከእነዚህ ጎን ቋሚው ዋና ሥራ አስፈጻሚ አለ። እርሱን አባላቱ በቀጥታ አይመርጡትም፤ የሚቀጥረውም፣ የሥራ አፈጻጸሙን የሚገመግመውም የተመረጠው አመራር ነው። ከ1994 እስከ 2023 ባሉት 29 ዓመታት በዚህ ቦታ ላይ የሠሩት ፖል ሂውስተንና ዳንኤል ዶሜነክ ብቻ ናቸው። በዚሁ ዘመን ፕሬዚዳንቱ በየዓመቱ ይለወጥ ነበር። በኮንግረስ ፊት፣ በጋዜጠኞች ዘንድና በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የማኅበሩ ትዝታ በማን ዘንድ እንደሚቀመጥ ለመገመት ይህ ንጽጽር በቂ ነው። ሚሼልስ የገለጸው ሁኔታ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

ሆኖም አደረጃጀቱን በጥቂቶች አገዛዝ ብቻ መፈረጅ አይገባም። የማኅበሩ አባላት በየወረዳቸው የሚሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። የተመረጠ ቦርድ አቅጣጫ ይሰጣል፤ የተቀጠረ ባለሙያ ያስፈጽማል፤ ባለሙያው ካልተስማማ ቦርዱ ያሰናብተዋል። ስለዚህ አባላቱ ለራሳቸው ማኅበር የመረጡት በየዕለቱ የሚኖሩበትን የትምህርት ወረዳ አምሳያ ነው ማለት ይቻላል። የዚህ ሥርዓት ጥንካሬ የተጠያቂነት መስመሩ ግልጽ መሆኑ ነው። ድክመቱ ደግሞ ቀጣሪው አካል በአጭር ጊዜ የሚለዋወጥ በመሆኑ፣ ተቀጣሪው ስለ ማኅበሩ ከቀጣሪዎቹ የበለጠ የሚያውቅ መሆኑ ነው።

በአባላት የሚመረጥ ዋና ጸሐፊ

የርእሰ መምህራን ብሔራዊ ማኅበር በ1897 ተመሠረተ። ከአሜሪካው የሚለየው በሕግ ፊት የሠራተኛ ማኅበር መሆኑ ነው። በብሪታንያ በ1980ዎቹ የወጡና በ1992 በአንድ ሕግ የተጠቃለሉ ድንጋጌዎች የሠራተኛ ማኅበር ዋና ጸሐፊ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ ለምርጫ እንዲቀርብ ያስገድዳሉ፤ ተወዳዳሪ ካለም አባላት በፖስታ በሚላክ ምስጢራዊ የድምፅ መስጫ ወረቀት ይመርጣሉ። ስለሆነም በዚህ ማኅበር ዓመታዊ ፕሬዚዳንትም ቋሚ ዋና ጸሐፊም ቢኖሩ፣ ሁለቱም የሥልጣናቸውን ምንጭ ከአባላት ያገኛሉ።

ይህ የሕግ ግዴታ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ የታየው በ2005 ነው። ከ1978 ጀምሮ ለ27 ዓመታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ዴቪድ ሃርት በጡረታ ሲሰናበቱ፣ አመራሩ ሊተካቸው የፈለገው ዕጩ ነበር። አባላቱ ግን በኖቲንግሃምሻየር ርእሰ መምህር የነበሩትን ሚክ ብሩክስን መረጡ። ከቦስተኑ ጉባዔ ጋር ሲነጻጸር ዘመኑና አገሩ ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው፤ በሁለቱም ጊዜ የአመራሩ ምርጫ የተሸነፈው አባላት ሌላ ዕጩ የሚያቀርቡበት መንገድ ስለነበራቸው ነው። ሊፕሴትና ባልደረቦቹ ያሉትን ይህ ይደግፋል። በአንጻሩ ሥራ አስፈጻሚው አካል ካልፈለገው፣ አባላት ግን ከመረጡት ዋና ጸሐፊ ጋር መሥራት ግድ ስለሚሆንበት፣ በአንድ ማኅበር ውስጥ ሁለት የተመረጡ ሥልጣኖች ሊጋፉ ይችላሉ።

የተሳትፎ ፈተና

ሕጉ መሪዎችን ለአባላት ተጠሪ ቢያደርግም አባላትን ድምፅ እንዲሰጡ ማድረግ ግን አይችልም። ማኅበሩ በኅዳር ወር 2011 በጡረታ ጉዳይ በታሪኩ የመጀመሪያውን ሀገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ሲያደርግ የአባላቱን ሰፊ ድጋፍ አግኝቶ ነበር። የ2016ቱ የሠራተኛ ማኅበራት ሕግ ደግሞ አድማ ሕጋዊ የሚሆነው ድምፅ የመስጠት መብት ካላቸው አባላት ቢያንስ ግማሹ ሲሳተፉ መሆኑን ደነገገ። በጥር ወር 2023 በእንግሊዝ ይፋ በተደረገው ውጤት ድምፅ ከሰጡት ርእሰ መምህራን 64 ከመቶው አድማውን ቢደግፉም፣ የተሳተፉት 42 ከመቶ ብቻ ስለነበሩ ውሳኔው ተፈጻሚ ሳይሆን ቀረ። በሌላ አነጋገር አድማውን በግልጽ የደገፉት ከጠቅላላው መራጭ 27 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ማኅበሩ በወቅቱ የፖስታ ሠራተኞች አድማ የድምፅ መስጫ ወረቀቶችን እንዳስተጓጎለ ገልጿል።

በአገራችን ማኅበራት የተለመደው አሠራር ከዚህ ይለያል። በብዙ መተዳደሪያ ደንቦች በመጀመሪያው ጥሪ ምልዓተ ጉባዔ ካልተሟላ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጥሪ በተገኙት አባላት ይወሰናል። ይህ ማኅበሩ ሥራ እንዳይፈታ ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ለመገኘት ጊዜ ያላቸው ጥቂቶች በሌሉት ስም እንዲወስኑ ይፈቅዳል። የብሪታንያው ሕግ የሌሉትን ይጠብቃል፤ በዚያው ልክ ዝምታን እንደ ተቃውሞ ይቆጥራል። ሥራ የሚበዛበት ርእሰ መምህር አባል በሆነበት ማኅበር የትኛውም መንገድ ያለ ዋጋ አይገኝም።

ለደንብ አርቃቂዎች የሚሰጠው ትምህርት

በአገራችን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የማኅበር ከፍተኛው የውሳኔ አካል ጠቅላላ ጉባዔው መሆኑን ይደነግጋል። ከዚህ ማዕቀፍ በታች ያሉት ብዙዎቹ ዝርዝሮች ግን ለመሥራቾቹ የተተዉ ናቸው። የርእሰ መምህራን ወይም የትምህርት ኃላፊዎች ማኅበር ለማቋቋም የሚያስቡ ሰዎች ከሁለቱ ማኅበራት ልምድ አራት ነጥቦችን ሊወስዱ ይችላሉ።

አንደኛ፣ የቋሚው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የሥራ ዘመን፣ የሚገመግመው አካልና የሚነሣበት ሁኔታ እንደ ፕሬዚዳንቱ ሁሉ በዝርዝር መጻፍ አለበት። ሁለተኛ፣ አስመራጭ ኮሚቴ ቢኖርም የተወሰኑ አባላት በፊርማ ተጨማሪ ዕጩ የሚያቀርቡበት አንቀጽ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ፕሬዚዳንቱ በየዓመቱ የሚለወጥ ከሆነ ተመራጩ፣ ባለሥልጣኑና ተሰናባቹ ጎን ለጎን የሚሠሩበት ሰንሰለት ቢዘረጋ ዕውቀቱ በአንድ ቢሮ ብቻ አይከማችም። አራተኛ፣ ርእሰ መምህራን ከመምህራን ጋር በአንድ ማኅበር ይቆዩ ወይስ ለብቻቸው ይደራጁ የሚለው ጥያቄ፣ በደመወዝና በዲሲፕሊን ጉዳይ ጠብ ከተነሣ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። የአሜሪካው ልምድ እንደሚያሳየው ጥያቄው ለብዙ ዘመን ሊድበሰበስ ቢችልም፣ ድርድር ሲጀመር ግን ራሱን ያስገድዳል።

ማጠቃለያ

ሁለቱ ማኅበራት ለአንድ ችግር ሁለት መልስ ሰጥተዋል። የአሜሪካው ቋሚውን ኃላፊ ለተመረጠ አመራር ተጠሪ አድርጎ መረጋጋትን አግኝቷል፤ የብሪታንያው በሕግ አስገዳጅነት ለአባላት ተጠሪ አድርጎ ለውድድር በር ከፍቷል። ሁለቱም የአባላትን ተሳትፎ ማነስ አልፈወሱም። ትምህርት ቤቶቻቸው በግልጽነትና በተጠያቂነት እንዲመሩ የሚጠበቅባቸው ሰዎች የራሳቸውን ማኅበር በምን ሥርዓት እንደሚመሩ ማወቅ ለትምህርት አመራር ጥናት ጠቃሚ ነው። ለወደፊቱ በአገራችን ያሉ የሙያ ማኅበራትን መተዳደሪያ ደንቦች በዕጩ አቀራረብ፣ በምልዓተ ጉባዔና በጽሕፈት ቤት ኃላፊ ተጠሪነት መለኪያነት ማነጻጸር የዚህ ጽሑፍ ቀጣይ ሥራ ሊሆን ይችላል።