ዩሪያውን ከመበተንህ በፊት

ወንድምዓለም፣ ሳፋውን አስቀምጥና መጀመሪያ ሰማዩን ተመልከት። ደመናው እንዲህ ጠቁሮ እያየህ ዩሪያ ከበተንክ የምታዳብረው የጉማራን ወንዝ እንጂ ሩዝህን አይደለም። ዶፉ ይለፍ። አንድ ሁለት ቀን ብትዘገይ ሩዙ ምንም አይሆንም።

ዩሪያ ውሃ ሲነካው እንደ ስኳር ይሟሟል። አፈሩ ሊይዘው የሚችለው ወደ አሞኒየም ሲለወጥ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጥቂት ቀናት ያስፈልጉታል። በእነዚያ ቀናት ጎርፍ ከመጣ ጠርጎት ይሄዳል። አንድ ኩንታል ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጂን አለ፤ ሰብል ከሚሰጠው ናይትሮጂን የሚጠቀመው በጥንቃቄ ጉድለት ብዙ ጊዜ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ተበድረህ የገዛኸው ነገር ነው፤ ለዚህ ነው የምቆጣው።

ስለዚህ አረሙን አስቀድመህ ንቀል፤ አለዚያ ማዳበሪያውን የሚበላው እሱ ነው። ከዚያ የተኛውን ውሃ ዝቅ አድርግና እርጥቡ ጭቃ ላይ በትን። ስትጨርስ ፈሰሱን በጭቃ ድፈነው፤ አምስት ስድስት ቀን እስኪያልፍ እንዳትከፍተው። ጎረቤትህ ውሃ ልቀቅልኝ ቢልህም ይታገስህ። ሁሉንም ባንዴ አትጨርስ፦ ከፊሉን ሩዙ ሲያቆጠቁጥ፣ የቀረውን ከማዘርዘሩ ሳምንታት ቀደም ብለህ ስጠው። በመኸሩ ማግስት በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ ዝራበት፤ እነሱ ናይትሮጂኑን ከአየር ወስደው ለራሳቸው ያዘጋጃሉ።

እምቦጭ የሚባለውን የሐይቅ አረም እየነቀልን ክንዳችን የዛለው ለምን ይመስልሃል? ጣና ላይ መታየቱ የተመዘገበው በ2004 ዓ.ም. ግድም ነው። ያመጣው ዩሪያ ነው አልልህም፤ የደጋው አፈርና የከተማው ቆሻሻም ያው ሐይቅ ውስጥ ይገባሉ። ነገር ግን ከማሳችን በጉማራ በኩል ያመለጠው ናይትሮጂን ይቀልበዋል። የዓሣ አጥማጁን መረብና የጀልባውን መንገድ የዘጋውን አረም እኛው ማብላት የለብንም።

የመጠጥ ውሃ ጉድጓዱን ነገር ደግሞ ለብቻው ስማኝ። ውሃ ባልተኛበት ማሳ፣ በቆሎህ ያለበት ማለቴ ነው፣ ዩሪያው ቆይቶ ናይትሬት ይሆናል። ናይትሬትን አፈር አይይዘውም፤ ከዝናቡ ጋር ወደ ታች ይሰርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በብዙ ያለፈ ውሃ በጡጦ ለሚያድግ ጨቅላ አደገኛ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። እናቱ ውሃውን እያፈላች እንደምትሰጠው አውቃለሁ። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፤ ናይትሬቱን ግን አይነካውም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር በቀረው ውስጥ ይበረታል። ስለዚህ ከጉድጓዱ ዙሪያ ማዳበሪያ አትበትን፤ ፍጉንም እዚያ አትከምር። የዩሪያውን ከረጢትም ወንዝ ወርደህ አትጠብ።

የመጨረሻው ልመናዬ የወንዙን ዳር ይመለከታል። በሬዎቹን እስከ አፋፉ ድረስ አትንዳቸው። ጥቂት ሜትር ሳታርስ ተወውና ደሾ ወይም ዝሆኔ ሣር ትከልበት። ሣሩ ጎርፉን ያዘገየዋል፤ አፈሩን ያስቀረዋል፤ ከናይትሮጂኑም ድርሻውን ይወስዳል። መሬት እንደሚቀንስብህ አውቃለሁ፤ በምትኩ የበጋ መኖ ይኖርሃል። ብቻ እያጨድክ ስጣቸው እንጂ ከብቶቹን አትልቀቅበት፤ ከረገጡት ዳሩ ይናዳል።