የክረምት ስንቅ ከሐምሌ በፊት ይሰናዳ

ሐምሌና ነሐሴ ሁለት ችግር አብሮ የሚመጣባቸው ወራት ናቸው። ዝናቡ ይበረታል። ጎተራውም ይራቆታል። ማሽላው ገና ማሳ ላይ ነው፤ ጤፉም ገና መዘራቱ ነው። በዚህ ላይ ወንዝ ይሞላል። ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚሄድ ሰው አላውሃ ሲሞላ ያውቀዋል። ወደ መርሳ ገበያ ሸመታ የወጣ የሀብሩ ገበሬም ጎርፍ ካገደው ባዶ ጆንያውን ይዞ ይመለሳል።

መንገድ የሚዘጋው በጎርፍ ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ደረሰ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ባንክ፣ መብራትና ስልክ ተቋርጦ ቆየ። ገንዘብ ያለውም የሚሸምተው አጣ። ያን ጊዜ የሚበላው ቤት ውስጥ ያለው ብቻ ነበር።

እውነቱን እንነጋገር። የቤት ስንቅ የ1966ቱን ወይም የ1977ቱን ዓይነት ረሀብ አይመልስም። ያን የሚያህል መከራ የአንድ ቤት ጎተራ አይችለውም። ይህ ስንቅ መንገድ እስኪከፈት፣ ጎርፉ እስኪጎድል፣ ለ10 ቀን ወይም ለ15 ቀን ነው። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። በእነዚያ ቀናት የዘር እህል እንዳይበላ፣ በሬ በርካሽ እንዳይሸጥ ያደርጋል።

ስንት ይበቃል? የእርዳታ እህል ሲታደል የአንድ ሰው የወር ድርሻ 15 ኪሎ እህል፣ 1 ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት ተብሎ ይሰላ ነበር። እህሉ ለቀን ሲካፈል ግማሽ ኪሎ ነው። ስድስት ሰው ያለበት ቤት ለ10 ቀን 30 ኪሎ እህልና 3 ኪሎ ጥራጥሬ ያስፈልገዋል። ልጆች ካሉ ጥራጥሬው ቢጨመር ይሻላል። ማሽላ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ አካል አይገነባም። ማሾ፣ ሽንብራ ወይም ምስር ሲታከልበት ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

«30 ኪሎ ከየት ይምጣ?» ትሉ ይሆናል። በአንድ ቀን አይመጣም። ምርት ከገባበት ከጥር ጀምሮ ወፍጮ በተሄደ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየተቀነሰ ይቀመጥ። ግንቦት ላይ ልጀምር ያለ ሰው ግን የሚቀንሰው አያገኝም።

ከሁሉ የሚመቸው በሶ ነው። ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይፈልግም። እንጨቱ በረጠበበት ቀን በንጹሕ ውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው። ውሃው የጎርፍ ከሆነ ግን መፍላት አለበት። ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎና የሽንብራ ቆሎም ይቆያሉ። ድርቆሽ የሚቀመጠው ሲነካ የሚሰበር ከሆነ ነው፤ ከታጠፈ አልደረቀም፤ ይሻግታል። ጨውና በርበሬ አይረሱ።

እዚህ ላይ ስለ ጓያ ቆም ብለን እንናገር። ጓያ ድርቅም ውሃም ይችላል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ስለዚህ ችግር ሲመጣ ሰው ወደ እሱ ይሮጣል። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል። እግሩ አንዴ ከተያዘ የሚያድነው መድኃኒት የለም። በ1980ዎቹ መገባደጃ በደላንታና ዳውንት ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። የባሰው ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ ነው። ሌላ ከታጣ ጓያውን አሳድሮ መዘፍዘፍ፣ ውሃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ጉዳቱን ይቀንሳል። ለስንቅ ግን ጓያ አትቁሉ።

አቀማመጡስ? የማሽላ ጉድጓድ በክረምት እርጥበት ያስገባል፤ እህሉም ይሻግታል። የሻገተ እህል መርዝ አለው። መርዙ በመታጠብም በመጋገርም አይለቅም። ስንቁን በደንብ በደረቀ ጀሪካን አድርጉት። እህሉ በጥርስ ሲነከስ «ቀጭ» ማለት አለበት። ጀሪካኑን እስከ አፉ ሙሉና ክዳኑን አጥብቁ። አየር ስለሚያጣ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ግን ቢታጠብም ለምግብ አይሆንም። የነቀዝ ክኒንም ሰው በሚተኛበት ቤት አይቀመጥ፤ ጭሱ ሰው ይገድላል። ጀሪካኑ ከመሬት ከፍ ብሎ ቆጥ ላይ ይሁን። ጎርፍ መጀመሪያ የሚገባው በወለል ነው።

አሁን እርሳስ አንሡ። ፊደል የቆጠራችሁበት አንዱ ጥቅም ይኸው ነው። በቁራጭ ወረቀት ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉና ጀሪካኑ ላይ ለጥፉ፦

በሶ
6 ኪሎ
የተፈጨበት ቀን፦ ሚያዝያ 20
ከመስከረም በፊት ይበላ

ቀኑ ካልተጻፈ አዲሱ ይበላና አሮጌው ከታች ይነቅዛል።

ሂሳብ፦ በቤታችሁ ስንት ሰው አለ? ቁጥሩን በ5 አባዙት። ለ10 ቀን የሚበቃችሁን የእህል ኪሎ ታገኛላችሁ። መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።