የተለወጠው ማን ነው? ባለቤትና ግስ በማስረዳት ድርሰት ውስጥ

ባለፈው ትምህርት የዓረፍተ ነገርን ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ ለይታችሁ ማውጣትን ተምራችኋል። በዛሬው ትምህርት ደግሞ የባለቤቱ አመራረጥ ሲሳሳት የሐሳቡም እውነት አብሮ እንደሚሳሳት እንመለከታለን። አብነት ማለት ምሳሌ ማለት ነውና ምሳሌያችንን ከአብነት ሰፈር እንጀምር።

በአዲስ አበባ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ፣ አብነት በሚባለው ሰፈር የሚኖር አንድ ቤተሰብ ትኋን አስቸግሮት ቤቱን መድኃኒት አስረጨ እንበል። በመጀመሪያው ርጭት ትኋኑ አለቀ ሊባል ጥቂት ቀረው። ከወራት በኋላ ግን ተመልሶ ፈላ፤ ሁለተኛው ርጭት ያን ያህል አልጎዳውም፤ ሦስተኛውም ጭራሽ የሚሠራ አልመስል አለ። በዚህ ጊዜ የቤቱ እመቤት ለጎረቤታቸው፦ «ምን ላድርግ እትዬ፤ ትኋኑ መድኃኒቱን ለመደው እኮ!» ይላሉ።

ሁላችንም እንዲሁ እንላለን። ነገር ግን «ለመደ» የሚለውን ግስ እንመርምር። ሕፃን ሚጥሚጣ ይለምዳል፤ ውሻ ጌታውን ይለምዳል፤ የገጠር ልጅ ከተማ ይለምዳል። በእነዚህ ሁሉ ትናንት ያልለመደውና ዛሬ የለመደው አንድ ባለቤት ነው። የትኋኑ ነገር ከዚህ ይለያል። መድኃኒቱ የነካቸው አብዛኞቹ ትኋኖች ሞቱ፤ የሞተ ደግሞ ምንም አይለምድም። የተረፉት ጥቂቶች ርጭቱ ከመምጣቱ አስቀድሞ መድኃኒቱን የሚችል አካል ይዘው የተወለዱ ነበሩ። የተዋለዱት እነርሱ ናቸው፤ ልጆቻቸውም ወላጆቻቸውን መሰሉ። ስለዚህ የተለወጠው አንዱ ትኋን ሳይሆን፣ በትኋኖቹ ስብስብ ውስጥ መድኃኒቱን የሚችሉትና የማይችሉት የነበራቸው መጠን ነው።

ስሕተቱን የሸሸገው የቋንቋችን አንድ ጠባይ ነው። በአማርኛ ነጠላው ስም ለብዙው ይቆማል፤ «ትኋኑ ፈላ»፣ «ገብሱ ደረሰ» እንላለን። ይህ አነጋገር ያማረና የታጠረ ነው። ስለ ዝግመተ ለውጥ በምትጽፉበት ጊዜ ግን ባለቤቱ አንዱ ፍጡር ይሁን ስብስቡ ካልለያችሁ፣ ሳታስቡት ፈረንሳዊው ላማርክ በ1809 እ.ኤ.አ. ያስተማረውን ትደግማላችሁ። እርሱ ፍጡር በሕይወቱ ያገኘውን ለውጥ ለልጁ ያወርሳል ይል ነበር። ዳርዊንና ዋላስ በ1858 እ.ኤ.አ. የገለጹት የተፈጥሮ ምርጦሽ ግን ሌላ ነው፤ ሲወለዱ ጀምሮ ከሚለያዩት መካከል አንዳንዶቹ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ልጅ ይተዋሉ።

አሁን ወደ ገብስ ማሳ እንሻገር፤ የኢትዮጵያ ገብስ ከትኋን ይልቅ የከበረ ምስክር ነውና። ከአብነት ሳትወጡ ከአንድ እህል ቤት ያልተፈተገ ገብስ እፍኝ ሙሉ ገዝታችሁ በሰፌድ ላይ ብትበትኑት፣ ነጩንና ጥቁሩን፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን ተቀላቅሎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ገበሬዎቻችን ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ያለውን ቅይጥ ሲዘሩ ኖረዋል። ሩሲያዊው የእጽዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭም በ1927 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥቶ ናሙና ሲሰበስብ ያስደነቀው ይኸው የእህላችን ብዝኃነት ነበር።

በአንድ ማሳ 100 የገብስ ተክሎች አሉ እንበል። ከእነዚህ 10ሩ አንድን በሽታ የሚቋቋም ጂን፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የውርስ ቅንጣት አላቸው፤ 90ው የላቸውም። በሽታው በገባ ጊዜ ጂኑ ያለው እያንዳንዱ ተክል 20 ፍሬ፣ የሌለው 5 ፍሬ ብቻ ሰጠ። ከ10ሩ 200፣ ከ90ው 450፣ በጠቅላላው 650 ፍሬ ተሰበሰበ። የገብስ አበባ በአብዛኛው በገዛ ራሱ ብናኝ ስለሚፀንስ ልጁ እናቱን ይመስላል። በመሆኑም በሚቀጥለው መኸር በሽታውን የሚቋቋሙት ከመቶ 31 ያህል ይሆናሉ፤ በሦስተኛው 64፤ በአራተኛው 88። ሒሳቡን ራሳችሁ ሞክሩት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጠባዩን የለወጠ አንድም ተክል የለም።

ዕድልም የራሱ ድርሻ አለው። በክፉ ዘመን ገበሬው እህሉን ሸጦና በልቶ ለዘር አንዲት ቁና ብቻ ቢያስቀር፣ በቁናዋ ሳይገባ የቀረው ጂን ጠቃሚም ቢሆን ይጠፋል። ስለዚህ «ደካማው ጂን ተሸነፈ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ውጊያ አልነበረምና።

10ሩ ተክሎች ከመጀመሪያው ባይኖሩስ? ዜሮ በ20 ቢባዛ ዜሮ ነው። ይህ ነገር የቁጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1951 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ክሽክሽ የሚያስተላልፈው፣ የገብስን ቅጠል ቢጫ አድርጎ ቁመቱን የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ ታወቀ። ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ 6,689 የገብስ ናሙናዎችን ፈትሸው ውጤቱን በ1963 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በሽታውን በሚገባ የተቋቋሙት 117 ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህም ከአራቱ በቀር ሁሉም ከኢትዮጵያ የተገኙ ነበሩ።

ይህን የሰማ አንድ ተማሪ፦ «የኢትዮጵያ ገብስ ዓለምን ለማዳን ጂኑን አዘጋጀ» ብሎ ቢጽፍ የአገር ፍቅሩን እናደንቅለታለን፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን እናርመዋለን። «ለመ» እና «እንዲ» ዓላማን ያመለክታሉ፤ ዓላማ ደግሞ አሳብ ላለው ነው። ጂን የሚለወጠው ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ በሚደርስ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የሚመጣውን በሽታ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ያለውን ምርጦሽና ዕድል ይወስኑታል። ስለዚህ ትክክለኛው አጻጻፍ፦ «በኢትዮጵያ የገብስ ማሳዎች በሽታውን የሚቋቋም ጂን ስለነበረ፣ ሌሎች ሊጠቀሙበት ቻሉ» የሚለው ነው። «ለማዳን» ወጥቶ «ስለነበረ» መግባቱን አስተውሉ።

ስለ ሰዎች ስትጽፉ ግን «ለመ» ቦታውን ያገኛል። በ1976 እ.ኤ.አ. የእጽዋት ዘር ሀብት ማዕከል በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአገራችንን ዘሮች ከመጥፋት ለመጠበቅ ነው። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘሩ በማቀዝቀዣ ከመቀመጡ ሌላ በገበሬው ማሳ እየተዘራ እንዲቆይ ሠርተዋል። በማቀዝቀዣ ያለ ዘር ባለበት ይቆማል፤ በማሳ ያለው ግን በየመኸሩ ከአዲስ በሽታና ከአዲስ ውርጭ ጋር ይገናኛል። የማዕከሉ ሥራ ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይከናወናል።

መልመጃ

የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች ባለቤት አውጡ። መታረም የሚገባቸውን አርማችሁ ጻፉ፤ አንደኛው ግን እርማት አያስፈልገውም።

ሀ. ቀጭኔ የዛፍ ጫፍ ለመድረስ አንገቷን አስረዘመች።

ለ. ገበሬዋ ለዘር እንዲሆናት ትልልቁን ዛላ ለየች።

ሐ. በሽተኛው ክኒኑን በመካከል ስላቋረጠ የሳንባ ነቀርሳው ተሕዋስ መድኃኒቱን ተላመደ።

ሐን ካረማችሁ በኋላ፣ በበሽተኛው ሳንባ ውስጥ ምን እንደተለወጠ በአንድ አንቀጽ አስረዱ። «ለመደ» እና «ተላመደ» የሚሉትን ግሶች አትጠቀሙ።